የንፋስ በር አውድማ

ንፋስ በር፣ ወገራ
ኅዳር 8 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለየዓለምወርቅ ፋንታሁን
ጎንደር

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ሽታዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። በሬዎቹም ደህና ናቸው። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ስንዴው ይቀራል። ይህ ሰላምታው ነው።

መልሱ ደግሞ አይሆንም ነው።

ደብዳቤሽን አንብቤ አጥፌ አስቀመጥኩት። ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ እሆናለሁ ብዬ በማግስቱ እንደገና አነበብኩት። አልተሳሳትኩም። «አውድማው ከዓመት አብዛኛውን ባዶውን ነው የሚከርመው፤ ለጉዞ ማኅበራችን ቢያከራዩት ምን ይጎዳል?» ብለሽ ጽፈሻል። እኔ ያሳደግሁት ልጅ ይህን አይጽፍም ልል ነበር፤ ፊርማሽን አየሁት።

ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ቤተ መቅደሱ ባዶ ነው ብለሽ ጭድ ታስገቢበታለሽ? አውድማም ባዶውን አይከርምም። እህሉን እየጠበቀ ነው የሚከርመው። አያቶቼ ያን ቦታ የመረጡት ለዓይን ብለው አይደለም። ከቆላ የሚወጣው ንፋስ ቀጥ ብሎ የሚመጣው በዚያች በር ብቻ ነው። ሌላ ቦታ የሚወቃ ሰው እህሉን ከእብቁ ለመለየት ንፋስ ሲለምን ይውላል። እኛ ለምነን አናውቅም።

ካንቺ ደብዳቤ ቀድሞ አንድ ቦርሳ ያነገተ ሰው በማኪና መጥቶ ነበር። ገመድ ዘርግቶ ለካ። ገደሉ አፋፍ ላይ ባለው ቋጥኝ በነጭ ቀለም ምልክት አደረገ።

«ይኸ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የእንግዳ ማረፊያው በረንዳ እስከዚህ ይደርሳል አባቴ። እንግዶች ተቀምጠው ገደሉን የሚያዩበት።»

«ገደል ቆሞ ነው የሚታይ» አልኩት፤ «የተቀመጠ ሰው ያንቀላፋል።»

ሳቀ። የማኪናው አቧራ ሳይጠፋ ምልክቱን በእበት ለቀለቅሁት።

ረስተሽው እንደሆነ ላስታውስሽ። አውድማ ውስጥ ጫማ አይገባም። አውድማ ውስጥ ሴት አትገባም። አውድማ ውስጥ አይማልም፣ አይሰደብም። ይህን ሥርዓት እኔ አላወጣሁትም፤ እኔም አልሽረውም።

«ጎንደር ወርደው ከአሠሪዬ ከአቶ ሐብተ ማርያም ጋር ፊት ለፊት ቢነጋገሩ» ላልሽው፣ በአውቶቡስ እንደማልሄድ ታውቂያለሽ። ጣሊያን ባወጣው መንገድ እግሬን አላኖርም ካልኩ፣ ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ ወልዶ ይስማል። የበቅሎው መንገድ ከጎኑ አለ፤ ነገር ግን እህሌን ሜዳ ላይ ትቼ በበቅሎም አልወርድም። የፈለገኝ ይምጣ።

እኔን ፊደል ያስተማረኝ የለም። በዚያው በጣሊያን ጊዜ ዋሻ ተቀምጬ ከተቀደደ ዳዊት ላይ ለብቻዬ የለቀምኩት ነው። አጻጻፌ ቢጎረብጥሽ ቻይው። ሐሳቤ ግን አይጎረብጥም።

ደብዳቤውን ለአውቶቡስ ነጂው ለባዬ ሰጥቼዋለሁ። እሱ በዚያ መንገድ ይሂድ፤ ኃጢአቱ የራሱ ነው።

አጎትሽ
ክንዱ ወልደኢየሱስ


ጎንደር
ኅዳር 24 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ክንዱ

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ ደህና ነኝ። ለእናቴ ለሽታዬ ጉልበት ከሐኪም ቤት ቅባት አግኝቼ በባዬ እጅ ልኬያለሁ። ሽታው መጥፎ ነው ብላ እንዳትጥለው ይንገሩልኝ። ጠዋትና ማታ ትቀባው።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ቀጥሎም በባዬ አፍ «ለመሆኑ እዚያ ምን እየሸጠች ነው የምትኖር?» ብለው ጠይቀውኛል። አያ፣ ምንም አልሸጥም። አገር አሳያለሁ።

የሰሜን ጮራ የጉዞ ማኅበር እንግዶች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣሉ። ጠዋት ግንቡን አሳያቸዋለሁ። ከዚያ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንሄዳለን፤ ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን መላእክት ሲያዩ አንገታቸው እስኪዝል ቀና እንዳሉ ይቀራሉ። ከሰዓት በኋላ ቁስቋም ነው። በማግስቱ ወለቃ ቆመን ሸክላ ይገዛሉ፤ ከዚያ በአምባ ጊዮርጊስ አልፈን ወደ ሰሜን ተራሮች እንወጣለን። አክሱምን ያዩ አሉ፣ ላሊበላን ያዩ አሉ፣ ሐረር ደርሰው ጅብ ከሰው እጅ ሲበላ ያዩም አሉ። ሁሉም አገር የሚያሳየው አለው። «ያንቺ አገርስ?» ሲሉኝ ወገራ ምን አለኝ ልበል? ንፋስ በር እላለሁ።

ታዲያ እዚያ ስንደርስ መንገድ ዳር ማኪና አቁመን ጉብታ እናሳያቸዋለን። «ተራራው የት አለ?» ይሉኛል። «ከጉብታው ወዲያ» እላለሁ። «ታዲያ ለምን ከጉብታው ወዲህ አቆምሽን?» ሲሉኝ ወደ ማኪናው እመልሳቸዋለሁ።

በሬዎ አውድማውን የሚረግጠው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። የቀረውን ጊዜ ሣር ይበቅልበታል፣ መስከረም ላይ አደይ ይወርሰዋል። ማረፊያ ቤት ቢሠራ የመንደሩ ሰው እንቁላል ይሸጣል፣ በቅሎ ያከራያል፤ እናቴም ሽታዬ ቅባቷን እዚያው ታገኛለች። አይቆጡ። ያስቡበት ብዬ ነው።

ከአቶ ሐብተ ማርያም ጋር ምን እንደተነጋገርንም በባዬ በኩል ጠይቀውኛል። የሥራ ነገር ነው አያ፤ ብዙ ነገር እንነጋገራለን።

ልጅዎ
የዓለምወርቅ


ንፋስ በር
ታኅሣሥ 12 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለየዓለምወርቅ

ቅባቱ ደርሷል። ሽታው መጥፎ ነው። ሽታዬ ግን «የልጄ ነው» ብላ ትቀባዋለች፤ ቤቱ ውስጥ መቀመጥ አልተቻለም።

ሰዎችሽ መጡ። የገብሱን ውቂያ ጀምረን ነበር። ጎረቤታችን አድማሴ በሬ ይነዳል፣ እኔ በመንሽ አገላብጣለሁ። አቶ ሐብተ ማርያም ከማኪና ወረደ፤ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ፈረንጆች ተከተሉት። አንቺ የለሽም። «አሟታል» አለኝ። ባዬ ግን ያን ቀን ገበያ ላይ ደህና ሆነሽ ሽንኩርት ስትመርጪ አይቶሻል። ይህን ለጊዜው ልለፈው።

«እንደምን ዋሉ አባቴ! እንግዳ አመጣሁልዎ» አለ።

«ይበርክት ነው የሚባል» አልኩት።

«እ?»

«አውድማ የመጣ ሰው ‹ይበርክት› ይላል። እንደምን ዋላችሁ ቤት ነው።»

«እሺ፣ ይበርክት» አለና ሊገባ እግሩን አነሳ።

«ጫማ» አልኩት።

«አባቴ፣ ይኸ ጫማ እኮ ከአሥመራ የመጣ ነው።»

«ከዚያ ድረስ ከመጣ ደክሞታል። እዚያ ድንጋዩ ላይ ይረፍ።»

አድማሴ በሬውን ትቶ እስኪንበረከክ ሳቀ። ፈረንጆቹ ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም፤ ሁለቱ ወንዶች ቁጭ ብለው ጫማቸውን ፈቱ። የአንደኛው ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። እንዲህ ያለ ሰው አከብራለሁ። ገብተው አፋፉ ላይ ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማውለቃቸው ሸጋ ነው። ጌታሽ ግን ጫማውን አላወልቅም ብሎ ከውጭ ቀረ፤ ከዚያ ሆኖ በጣቱ እያመለከተ የማያየውን ተራራ ያስረዳቸው ነበር።

ሴትዮዋም ጫማዋን ይዛ ልትገባ መጣች። በመንሽ ከለከልኳት። አልተቆጣችም። የጠላው እንስራ የሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀመጠች። ባሏ ሲመለስ ያየውን በእጁ እየሠራ ያሳያት ጀመር፤ እዚህ ከፍ፣ እዚህ ዝቅ። ሥርዓት ነው፤ ይቅርታ አልጠየቅኋትም።

ለመሄድ ሲነሱ «ማረፊያ ቤት አይሠራም» አልኩት ለአቶ ሐብተ ማርያም።

«ግድ የለም አባቴ» አለኝ እየሳቀ። «እኩሌታው በእጃችን ነው። ለሌላው እኩሌታ አንጣላም።»

እኩሌታውን ማን ሰጠው? ይህ አውድማ የኔና የሟቹ ወንድሜ የፋንታሁን ነው፤ ሌላ ባለ ርስት የለበትም። እኔ አልሰጠሁም። ሙት አይሰጥም።

በመልስሽ ስለ አክሱም አትጻፊልኝ። ይህን ብቻ ጻፊ።

ክንዱ


ጎንደር
ታኅሣሥ 23 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ክንዱ

እኔ ነኝ።

ይህን ብቻ ጻፊ ስላሉኝ እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ነገር ግን እርስዎ ካሳደጉት ልጅ አጭር መልስ መጠበቅ የለብዎትም።

የአባቴ እኩሌታ የኔ ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ ዘመዶች «ሴት ናት፣ ነገ አግብታ ትሄዳለች» ብለው ድርሻዬን ሊከፋፈሉ ሲሉ «የፋንታሁንን ልጅ ርስት የሚነካ ከኔ ጋር ይተያያል» ብለው የቆሙልኝ እርስዎ ነዎት። ያን ጊዜ ሴት መሆኔን አላነሱም። ስለዚህ ዛሬም አያነሱብኝ።

አሁን እኔ ልጠይቅዎ። ልጅ ሆኜ በውቂያ ጊዜ ጠላውን ተሸክሜ የማመጣው እኔ ነበርኩ። የት ድረስ? እስከ ድንጋዩ። እንስራውን እዚያ አስቀምጬ፣ ዞሬ፣ እሄዳለሁ። ከቤታችን ደጅ እስከ አውድማው ሰው ይጠራራል። ወንዶቹ ምሳ ሲበሉ «ዛሬ ሰሜን እንዴት ጠራ!» ሲባባሉ እሰማ ነበር። ምን እንደጠራ አላውቅም ነበር።

አምና በቢሮ አንድ እንግዳ ፎቶግራፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ይህ ቦታ የት ነው? ሌሎች ወዳጆቼን ልላክበት» አለኝ። ገደሉ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ነው። ተራሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ እንደ ተደገፉ ሽማግሌዎች ይቆማሉ። እንዲህ ያለ አገር አይቼ አላውቅም። «አላውቀውም» ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ጥግ ላይ አንድ ሰው መንሽ ይዞ ቆሞ አየሁ። አድማሴ ነው። የተወለድኩበትን አገር በአድማሴ አወቅሁት።

ያላየሁትን ቦታ ነው ለሰው ሁሉ የማወራው አያ። ያን ቀን ከእንግዶቹ ጋር ያልመጣሁት አሞኝ አይደለም። በእንግዶቼ ፊት እዚያ ድንጋይ ላይ እንዳያስቀምጡኝ ነው። ሴትዮዋን እንዳስቀመጧት ስሰማ አለመምጣቴ ልክ እንደነበረ አወቅሁ።

አቶ ሐብተ ማርያም የኪራይ ውል አዘጋጅቷል። እፈርማለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ገና አልፈረምኩም። ርስቱ በዳኛ ፊት ይረጋገጥ ብሏል። ከጥምቀት በኋላ አጥቢያ ዳኛው ከሽማግሌዎች ጋር ንፋስ በር መጥተው ይቀመጣሉ።

እንኳን ለልደት በሰላም አደረሰዎ። እናቴን ሽታዬን ይሳሙልኝ።

የዓለምወርቅ


ንፋስ በር
ጥር 5 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለየዓለምወርቅ ፋንታሁን

አንቺንም እንኳን አደረሰሽ።

ሽታዬ «ደብዳቤውን አንብብልኝ» አለች። አነበብኩላት። «ወይ ጉድ!» አለች፤ «ሰሜን ከዚያ ይታያል እንዴ?» ዕድሜዋን ሁሉ እዚህ ኖራ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። እኔን ለመውጋት ነው። ከዚያ ወዲህ ወጥ ስታወጣልኝ ጨው ትረሳለች።

ስለ ፎቶግራፉ ያልሽውን ሰምቻለሁ። እኔም ያላየሁት ብዙ ነገር አለ። ባሕር አላየሁም። አላየሁም ብዬ የሰው ደጅ በረንዳ አልሠራም። ሥርዓት ደስ ላለው ብቻ የሚጸና ቢሆን ኖሮ ሥርዓት አይባልም ነበር።

ለፈረንጅ ስታሳዪ የምትውይው ግንብ እንዴት እስከ ዛሬ የቆመ ይመስልሻል? ድንጋዩን ለአጥሩ የፈለገ ሁሉ እየነቀለ ቢወስድ ኖሮ ዛሬ የምታሳዪው አጥር ነበር። አይሆንም የሚል ሰው በየዘመኑ ስላልጠፋ ነው። እኔ በዘመኔ አይሆንም የምል ነኝ።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገርሽ። የመንደሩ ሰው መካሪ ሆኗል። አድማሴ ትናንት በሬ እየነዳ እንዲህ አለኝ፦

«ምነው አያ ክንዱ፣ ምን ቸገረህ? ‹ፋንታሁን ሊሞት ሲል አውድማውን ለኔ ተወልኝ› በል፣ ይለቅ። ሙት ተነስቶ አይመሰክር።»

«አልተወልኝም።»

«እሱን ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ዳኛው ይጠይቀኛል። የሚቀመጠው ለዚያ አይደል?»

«አንተ እኮ ከነዚህ በሬዎች ትብሳለህ» አለኝ። «በሬ እንኳ ሲመቱት ይዞራል።»

እሱ ብቻ አይደለም። ሽማግሌ ሆነው ሊቀመጡ ከተመረጡትም ያንኑ የነገሩኝ አሉ። አንድ ቃል ብናገር አውድማው የኔ እንደሆነ ይቀራል፤ ማንም አይከራከረኝም ይላሉ።

አንቺም በባዬ አፍ «በዳኛው ፊት ምን ይላሉ?» ብለሽ ልከሽብኛል። የምለውን እዚያ እላለሁ። ላንቺ ብዬ አልቀንስም፣ ለራሴ ብዬ አልጨምርም። እስከዚያ አትጻፊልኝ።

ክንዱ


ጎንደር
ጥር 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ክንዱ

የጥምቀት እንግዶች በዝተውብኛል፣ መምጣት አልቻልኩም ብዬ ለዳኛው ልኬ ነበር። እውነቱ ፊትዎን ማየት ስለከበደኝ ነው። ስለዚህ የሆነውን የሰማሁት ከባዬ ነው። አላመንኩትምና ደግሞ ደጋግሞ እንዲነግረኝ አደረግሁት። ባዬ እንደነገረኝ እንዲህ ነው፤ ከተሳሳተ ያርሙኝ።

ዳኛው «የፋንታሁን ልጅ በዚህ አውድማ ድርሻ አላት ወይ?» ብሎ ጠየቀዎት።

«እኩሌታ» አሉት።

ሰዉ አጉረመረመ። አድማሴ ሳል ይዞት እንዳልሆነ እያወቁ ደጋግሞ ሳለብዎት። ዳኛውም ሊረዳዎት ፈልጎ ይመስላል፣ «ሴት አውድማ አትገባም እያሉ እንዴት ድርሻ ይኖራታል? በደንብ አስበው ይናገሩ» አለዎት።

«አለመግባቷ ሥርዓት ነው፤ ድርሻዋ ርስት ነው። እኔ አላቀላቀልኳቸውም፤ ያቀላቀልከው አንተ ነህ» አሉት።

«ይቀመጡ» ሲልዎት «ቆሜ ነው የምሰማ» አሉ። ቆመውም ዋሉ።

ከዚያ አውድማው ለሁለት ይከፈል ተባለ፤ ዕጣ ተጣለ። የኔን አድማሴ አወጣ። የአፋፉ በኩል ለኔ ደረሰ፣ የመንደሩ በኩል ለእርስዎ። እርስዎም «ወጥቷል፤ በቃ» ብለው ወደ በሬዎ ሄዱ።

እዚህ አቶ ሐብተ ማርያም ሠርግ የተደገሰለት መስሏል። ውሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ አዲስ ብዕር አስቀምጦበታል። «በፋሲካ ግድግዳው ይቆማል» ይላል። እኔ ግን ብዕሩን ገና አልነካሁትም፤ ለምን እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም። አሸንፌያለሁ። ያሸነፈ ሰው እንዲህ አይከብደውም።

አያ፣ ለምን? አንድ ቃል ብቻ ቢሉ ሁሉም የእርስዎ ነበር። አሁን ንፋሱም አፋፉም የኔ ነው። ምን ላድርገው? መጥቼ በኔ በኩል ብቆምስ ምን ያደርጋሉ?

የዓለምወርቅ


ንፋስ በር
የካቲት 2 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለየዓለምወርቅ

ባዬ አልተሳሳተም። ከኔ ቃል የቀነሰው ለዳኛው የጨመርኩለትን ኃይለ ቃል ነው፤ እሱም መቅረቱ ይሻላል።

ለምን ላልሽው፦ እኩሌታው ያንቺ ስለሆነ ነው። ሌላ ምክንያት አትፈልጊለት። ለፍቅር ብዬ አይደለም። ተናድጄብሽ ነበር፤ አሁንም ተናድጄብሻለሁ። የተናደዱበትን ሰው ርስት መካድ ግን ሌብነት ነው።

ምን ላድርገው ላልሽው፦ እኔን አትጠይቂኝ። ባለ ርስት አያስፈቅድም። ምክር ከፈለግሽ ምክር የለኝም። ስድብ ከፈለግሽ አለኝ፤ ነገር ግን ይህን የምጽፈው አውድማው ላይ ክምሩን ተደግፌ ነው፤ ስለዚህ ይቅር።

ግማሽ ክብ ላይ በሬ አይዞርም። ስለዚህ በመንደሩ በኩል ያለውን ሣር ገፍፌ፣ ድንጋዩን ለቅሜ፣ በእበት ለቅልቄ ክቡን ሞላሁት። አድማሴ እየተሳደበ ረዳኝ፤ አውድማ ከመሆኑ በፊት ነበርና ተውኩት። የጉብታው ጫፍ ንፋሱን ትንሽ ይሰብርብናል። ዘንድሮ የስንዴው ፍሬ ከእብቁ ሳይለይ ብዙ ቀን ፈጀብን። እንለምደዋለን። ያንቺን በኩል አልነካሁም። ተርፎ የነበረውን ጭድ ጠርጌ አንስቻለሁ፤ በሰው ቦታ ጭድ አላስቀምጥም።

ብቆምስ ምን ያደርጋሉ ላልሽው፦ በኔ በኩል የአባቶቼ ሥርዓት አለ። ባንቺ በኩል የሚሆነውን አንቺ ታወጫለሽ፤ ክፉ ብታወጪም ያንቺ ነው። መንሽ አላነሳብሽም። ደስ ይለኛልም አልልሽም። እስክሞት ድረስ ልክ አይደለም እላለሁ፤ ከሞትኩም በኋላ የሚል ሰው ብተው ደስ ይለኛል። በረንዳውን ከሠራሽው ደግሞ ጀርባዬን ሰጥቼው እወቃለሁ።

ክንዱ


ጎንደር
የካቲት 14 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ክንዱ

ደብዳቤዎን ይዤ ቢሮ ገባሁ። አቶ ሐብተ ማርያም ብዕሩን ራሱ ከፈተልኝ።

«እስቲ የወገራ እመቤት፣ እዚህ ላይ» አለኝ።

«መጀመሪያ ልየው» አልኩ።

«ውሉን? አንብበሽዋል እኮ።»

«ቦታዬን።»

«ፎቶግራፉ ይኸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል!»

«እሱ የአድማሴ ነው» አልኩት።

አልገባውም። ቀስ ብዬ አስረዳሁት። በቦታው ላይ ቤት አይሠራም፣ ግድግዳ አይቆምም። እንግዶች ውቂያው አልቆ ሣር ሲበቅል ይምጡ፣ ወንዱም ሴቱም ይቁም፣ አይቶ ይሂድ። በዚህ ከተስማማህ እፈርማለሁ አልኩት። «ቆሞ አይቶ ለሚሄድ ሰው ምን አስከፍላለሁ?» አለኝ። «እሱን አላውቅም» አልኩት። «ያ ሽማግሌ አዙሮብሻል!» ብሎ ጮኸ። አላዞሩብኝም አያ፤ እርስዎ ማንንም አዙረው አያውቁም። ራሳቸው የሚዞሩት ሌሎቹ ናቸው።

ከነገ ጀምሮ እንግዶቹን ሌላ ሰው ያሳያቸዋል። ውሉን አጥፎ ወሰደው፤ ብዕሩን ግን ረስቶታል፤ በሱ ነው የምጽፍልዎ። ግንቡን ለማሳየት የማንም ማኅበር አያስፈልገኝም፤ ሆቴሉ ደጅ ቆሜ እንግዳ መጥራት እችላለሁ። ዛሬ ጀምሬያለሁ፤ ዛሬ ማንም አልመጣም።

በውቂያ ወቅት የኔንም በኩል ይውቁበት ብል እንደማይቀበሉኝ አውቃለሁ። ስለዚህ አላልኩም።

በሚቀጥለው ሳምንት ከባዬ ጋር እመጣለሁ። እያስፈቀድኩዎ አይደለም። እየነገርኩዎ ነው።

የዓለምወርቅ


ንፋስ በር
የካቲት 27 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለየዓለምወርቅ

በደህና መግባትሽን ባዬ ነግሮኛል። ቤት ሳለሽ ስላልተነጋገርን እጽፍልሻለሁ። ሽታዬ ብቻ ስለ ጉልበቷ ታወራ ነበር።

ሥራሽን ስላጣሽ አላዝንልሽም። ላልፈረመ ሰው አይታዘንለትም። እህል እልካለሁ፤ የሚልከው ሽታዬ ናት እንዳትዪ፣ እኔ ነኝ። እንግዶችሽ በክረምት ማብቂያ ቢመጡ ባንቺ በኩል ይቁሙ። ወሰኑን አልፎ ወደኔ በኩል በጫማ የሚረግጥ ካለ ግን ፈረንጅ ነው ብዬ አልምረውም። ሴት ከሆነችም እመልሳታለሁ። ይህን ንገሪያቸው። ባንቺ መቆም ሥርዓቱ ተሻረ የሚል በመንደሩ ተነስቷል። አልተሻረም። ባለ ርስት በርስቷ ቆመች፤ ይኸው ነው። ለአጥቢያ ዳኛውም ይህንኑ ልኬለታለሁ፣ ሳይጠይቀኝ።

አንቺ እንደምትቆሚ አውቅ ነበር። ሽታዬን ደግፈሽ ይዘሻት እንደምትመጪ ግን አልነገርሽኝም። ጉልበቷ ከቤት እስከ ደጅ አያደርሳትም ሲባል የከረመች ሴት፣ በጉብታው ዞራ አፋፉ ድረስ ሄደች። በኔ በኩል አላለፋችሁም፤ አይቻለሁ።

እኔና አድማሴ የመጨረሻውን ባቄላ እንወቃ ነበር። ጀርባችሁን ነው የማየው። አንቺ በእጅሽ አላመለከትሽም። እሷም ምንም አልጠየቀችሽም። ከዚያ ሽታዬ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደችና በደንብ ለማየት አንገቷን ቀና አደረገች፤ እንደ ልጅ።

በሬዎቹን አቆምኳቸው።

«ምነው አቆምካቸው?» አለኝ አድማሴ።

«ንፋስ እስኪመጣ» አልኩት።

«በሬ ለማዞር ንፋስ ምን ያደርግልሃል?»

«ዝም በል» አልኩት።

ቆመን ጠበቅን። ንፋሱ የሁለታችሁን ነጠላ እየገለበጠ ነበር።

ክንዱ